ሦስት ጊዜ ደውላችሁልኝ ስላላነሳሁት ስልክ

ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ«ቋሚ ማኅደር» የዲጂታል ዕቃዎች አስመጪና አከፋፋይ
የደንበኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት እንድትገኙ፣ በተለይም ጆሮዎችዎ ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። ጆሮን ለይቼ ያነሳሁት ለቀረው አካልዎ ሳላስብ ቀርቼ ሳይሆን፣ ከድርጅትዎ ጋር ጉዳይ ላለው ሰው ከጆሮ የበለጠ የሚያስፈልገው አካል እንደሌለ ባለፉት አምስት ወራት በትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ ነው።

ስሜ ዶርቃ እንግዳ ይባላል። መካኒሳ አቦ አካባቢ እኖራለሁ፤ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት በሚማሩበት ትምህርት ቤትም አስተምራለሁ። እኔም በአምስት ዓመቴ ማጅራት ገትር ታምሜ ከተነሳሁ ወዲህ ምንም አልሰማም። ይህንን ለድርጅትዎ በጽሑፍ ስገልጽ የዛሬው ሰባተኛዬ ነው። ስድስቱ ማመልከቻዎቼ የመዝገብ ቤታችሁ ክብ ማኅተም አርፎባቸው በክብር ስለተቀመጡ፣ ሰባተኛውን በአደባባይ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ከመዘርዘሬ በፊት በዕቃችሁ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገርዎ፤ ከሠራተኞቻችሁ መካከል ይህንን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ለእርስዎም አዲስ ነገር ይሆናል።

ለቡ መብራት ኃይል የሚኖሩ አቶ ግዛው የሚባሉ የሰባ ሦስት ዓመት አናጺ አሉ። ጋሽ ግዛው ሲወለዱ ጀምሮ አይሰሙም፤ ባለቤታቸው እትዬ አስቴርም እንደዚሁ። ጋሽ ግዛው በወጣትነታቸው ከሌሎች አምስት መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር አንድ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥረው ነበር። ስድስቱም ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱ፣ የምልክት ቋንቋ ማንም ያላስተማራቸው ሰዎች ስለነበሩ ለመሣሪያው፣ ለእንጨቱ፣ ለአለቃው ቁጣና ለምሳ ሰዓቱ የራሳቸውን ምልክት አበጁ። የማሽኑ ጩኸት ሰውን ከሰው የማያገናኝ ስለነበር የሚሰሙት ሠራተኞችም ቀስ በቀስ ከእነሱ ተማሩ። ጋሽ ግዛው ይህንን ሲያጫውቱኝ «እዚያ ቤት ውስጥ የማይሰሙት እነሱ ነበሩ» ብለው ይስቃሉ። ከስድስቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ምልክቶቻቸው ደግሞ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኙም። ለምሳሌ በስሕተት ከልኩ በታች ለተቆረጠ እንጨት አንድ ምልክት ነበራቸው፤ አውራ ጣት የሌባ ጣትን ጫፍ ቆንጠጥ ያደርጋል። ያንኑ ምልክት በልጅነቱ ለሞተ ሰውም ይጠቀሙበት ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው እጅ ላይ ከጠፋ ከየትም ተፈልጎ አይገኝም።

ስለዚህ ከመስከረም 2016 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋሽ ግዛው ዘንድ እየሄድኩ በስልኬ እቀርጻቸው ጀመር። የስልኬን ማቆሚያ ከተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ራሳቸው ሠሩልኝ። በአርባ ሰባት ቅዳሜ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ምልክት፣ እያንዳንዱን ከነታሪኩ፣ ማን እንዳወጣውና በምን ቀን እንደወጣ ጭምር ቀረጽን። እናንተ የምትሰሙት ሰዎች የወዳጃችሁ ድምፅ ጆሯችሁ ውስጥ ይቀራል ስትሉ አነባለሁ። የእኛ ድምፅ ግን እጃችን ነው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ እጅን ያቆመዋል። የሚንቀሳቀስ ምስል ካልተገኘ አንድ መስማት የተሳነው ሰው የተናገረውን ለልጆቹ የሚያስቀርበት ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ዕቃው ጥራት አመሰግናለሁ። ስልኬ ጠባብ ስለሆነ የቀረጽኩትን ሁሉ የማስቀምጠው ከጀሞ ቅርንጫፋችሁ በገዛሁት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። ሻጩ በወረቀት ላይ «ይሄ አያሳስብዎትም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ካርቶኑም ላይ «ትዝታዎ በአስተማማኝ እጅ ነው» የሚል ነበረበት። የሦስት ዓመት ዋስትናም ሰጣችሁኝ። እኔ ገና ልጅ ሳልወልድ የልጅ ልጆቼ ዘመን በአሥራ ስድስት ወር ማለቁን ያወቅሁት ጥር 17 ቀን፣ ከጋሽ ግዛው ቤት ተመልሼ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ነው። ኮምፒውተሩ ይህ ዕቃ አይነበብም፣ ላጽዳው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፤ ያንኑ ጠየቀኝ። ሁለተኛ ቅጂ አለመያዜ የእኔ ጥፋት ነው። ይህንን እናንተ ሳትነግሩኝ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁና ለመልሳችሁ በተዘጋጀው ቦታ ላይ እንዳትደክሙ አስቀድሜ አምኛለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቴክኒክ ባለሙያችሁ ጥልቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ጀሞ ሄጄ ዕቃውን ሳስረክብ ባለሙያው ሰካው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ፊቱም ተለወጠ። ከዚያም ወረቀት ስቦ «ይንኳኳል። መንኳኳት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። እንደማላውቅ ጻፍኩለት። እሱም የመመሪያውን ወረቀት ከፍቶ ያልተለመደ ድምፅ ከተሰማ ዕቃውን መጠቀም ወዲያውኑ ማቆም ይገባል የሚለውን መስመር በጣቱ አሳየኝና ቅጹ ላይ «ደንበኛዋ ዕቃው የማስጠንቀቂያ ድምፅ እያሰማ መጠቀም በመቀጠላቸው ዋስትናው አጠራጣሪ ነው» ብሎ አሰፈረ። መስማት የተሳነኝ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት ካሰበ በኋላ «ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው የለም?» ብሎ ጻፈ። የለም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ዲስኩን በመዳፌ ይዤው ሳለ ከውስጡ ቶክ ቶክ ሲል በቆዳዬ ተሰምቶኝ ነበር። እየሠራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልክ አገልግሎታችሁ። ባለሙያው ዕቃውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚልከውና ቅሬታ ካለኝ በአራት አኃዙ ቁጥር መደወል እንዳለብኝ ጽፎ ነገረኝ። አልሰማም ብዬ በድጋሚ ጻፍኩ። መስኮት ሁለት ላይ የተቀመጠው ወጣት ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ «ችግር የለውም፤ ጥሪው ነፃ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጥር 27 ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ከአሥር፣ ከአሥራ ሁለትና ከአሥራ አምስት ደቂቃ ላይ፣ ልጆቼን ሳስተምር ድርጅታችሁ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። በማግሥቱ ይህ መልእክት ደረሰኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ በተደጋጋሚ ደውለንልዎ ምላሽ ባለመስጠትዎ ፋይልዎ ተዘግቷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።» ወዲያውኑ መልስ ጻፍኩ። ቁጥሩ መልእክት እንደማይቀበል የሚገልጽ ሌላ መልእክት መጣልኝ። ለአንድ ፋይል መዘጋት ከዚህ የተሟላ ጥንቃቄ ሊደረግ ይችላል ብዬ አላምንም።

በዚህ ጊዜ ውዳሴን ለመንኳት። ውዳሴ የጋሽ ግዛውና የእትዬ አስቴር ልጅ ናት፤ ትሰማለች፤ ጀሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ለወላጆቿ ስልክ ስታነሳ፣ ከቀበሌ እስከ ሐኪም ቤት ስታስተረጉም ያደገች ስለሆነች ይህ ለእሷ አዲስ ሥራ አልነበረም። የዲስኩን መበላሸት ለአባቷ እንዳትነግር አስምዬ ነገርኳት። እኔ ራሴ ፈተና እያረምኩ ነው ብዬ ቅዳሜዎቹን መቅረት ጀምሬ ነበር፤ ጋሽ ግዛውን ፊት ለፊት ማየት አቅቶኝ ነው።

የካቲት 5 ቀን በምሳ ሰዓቷ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ደወለች። አንድ እጇ ስልኩን ይዟል፣ በሌላው እጇ የሚባለውን ትነግረኛለች። አሥራ ሰባት ደቂቃ ሙዚቃ ሰማች። ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው ስላት «ደስ የሚል» አለችኝ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛችሁ አነሳች።

«የዕቃው ባለቤት እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀች።

ውዳሴም «አይደለሁም፤ ባለቤቷ አጠገቤ ናት። መስማት ስለማትችል እኔ አስተረጉምላታለሁ» አለች።

«ለደንበኞቻችን ደህንነት ሲባል ባለቤቷን ብቻ ነው የምናናግረው። እሷን ያቅርቡልኝ።»

«አትሰማም እኮ ነው የምልሽ፣ እህቴ።»

«ገብቶኛል። ስሟን ብቻ በራሷ ድምፅ ትንገረኝ።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ድምፅ አለኝ። እስከ አምስት ዓመቴ ድረስ እናገር ነበር፤ ሰባተኛ ዓመቴ ላይ የሰፈር ልጆች ሲስቁብኝ አይቼ ከእናቴ በቀር ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ያን ቀን ውዳሴ ስልኩን ወደ አፌ ስታስጠጋልኝ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሜንና የአባቴን ስም ተናገርኩ። እንዴት ሆኖ እንደወጣ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ሲርገበገብ ብቻ ነው የተሰማኝ። የውዳሴን ፊት አየሁት። ስልኩን ከአፌ መለሰችና ማያውን ተመለከተች፤ ተዘግቶ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ጥሪዎ በመስመር ብልሽት ምክንያት ተቋርጧል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ውዳሴ ቅር እንዳይለኝ ብላ «ኔትወርክ ነው» አለችኝ። እኔም ኔትወርክ ነው አልኳት። ምሳዋን ሳትበላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ድምፄን የመስመር ብልሽት ብላችሁ ስለመዘገባችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሌሎች ሰዎች ከዚህ የከፋ ስም ሰጥተውት ነበር።

አራተኛውን ቅሬታ የምጽፈው እናንተን ለመክሰስ አይደለም፤ የደም ግፊት ከምታስመጧቸው ዕቃዎች አንዱ አይደለምና። የካቲት 19 ቀን ጋሽ ግዛው የሥራ ቦታቸው ውስጥ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን አልታዘዝ አሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ ቀኝ እጃቸውን እትዬ አስቴር እንደ ዕቃ ትራስ ላይ አስቀምጣላቸዋለች። በግራ እጃቸው ሊያናግሩኝ ሞከሩ። አብዛኛው ምልክታቸው ሁለት እጅ የሚፈልግ ስለሆነ የሚወጣው ግማሽ ቃል ነበር፤ አንዳንዱን በግምት ያዝኩት፣ አንዳንዱ አመለጠኝ። ሲደክማቸው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ግን በደንብ የገባኝን አንድ ነገር ተናገሩ።

«ግድ የለም። የቀረጽሽው አለ» አሉኝ። ቀጥለውም ጠየቁኝ፦ «አለ አይደል?»

ውዳሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። እኔ አለ አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቃቸው አየሁ። እትዬ አስቴር እጄን ይዛ ሳመችኝ። እንዲህ ዓይነት ውሸት ዋሽቶ ታክሲ መሳፈርና ቤት መግባት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት ከባድ ነው፤ እንዳይደርስብዎም እመኛለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ቅጻችሁ አመሰግናለሁ። በቀጣዩ ሰኞ በራችሁ ሳይከፈት ደረስኩ። የተዘጋውን ፋይል ለማስከፈት ሦስት ሰዓት ቆምኩ። በዚያ ጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተበላሸውን ዲስክ እንዳለ እንድትመልሱልኝ። ከተበላሸ ዲስክ ላይ መረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች እንዳሉ፣ ዕቃው ካልተከፈተ ተስፋ እንዳለው አጣርቼ ነበር። ቅጻችሁ ግን ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ «ጥገና» ሌላው «ቅያሪ» ይላል። ሦስተኛ ሣጥን ስላልነበረ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ጥንቃቄ፣ «እንዲጠገንም ሆነ እንዲቀየር አልፈልግም። ውስጡ ያለው ሌላ ቦታ የለም። እባካችሁ ሳትነኩ መልሱልኝ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መስኮት ሁለት ላይ ያለው ወጣት አነበበው፤ ራሱንም ነቀነቀ። ቅጹ ኮፒ ተደርጎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ።

ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። በየሳምንቱ ሄጄ ጠየቅሁ፤ በየሳምንቱ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ለጋሽ ግዛው በየቅዳሜው የተለየ ሰበብ እነግራቸው ነበር። አንድ ቀን «የመጀመሪያውን አምጪልኝና ልየው» አሉኝ። ቀኝ እጃቸው እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ፈልገው ነው። ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ማውጣት አይፈቀድም አልኳቸው።

ሚያዝያ 15 ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ጉዳዬ መፈታቱን የሚያበስር መልእክት መጣልኝ። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሄድኩ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው ከቢሮ ወጥተው ተቀበሉኝ፣ ጨበጡኝ፣ አንድ የታሸገ ካርቶንና የድርጅቱ ስም ያለበት እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ አንዲት ሠራተኛም ፎቶ አነሳችን። ፈገግ እንድል በእጇ አሳየችኝ። የጠፋብኝ ተመልሶ ካርቶኑ ውስጥ የተቀመጠልኝ መስሎኝ ነበርና ፈገግ አልኩ፤ እንዲያውም አለቀስኩ። ያ ፎቶ በገጻችሁ ላይ «የደንበኞቻችን እርካታ የእኛ ደስታ ነው» ተብሎ መውጣቱን በኋላ አይቻለሁ። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ካርቶኑን እያሳየሁ «ውስጡ ያለውስ?» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ በኩራት የጻፉልኝን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። «ባዶ ነው፣ አዲስ ነው፣ ሙሉ ቦታ አለው» ይላል።

ያን ቀን ወንበር ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መስኮት ሁለት ላይ ያለው ወጣት ሥራውን ትቶ ወጣ። ምሳ ሰዓቱን ሠውቶ ዋናው መሥሪያ ቤት መጋዘን ድረስ ሄዶ እንደነበር የተረዳሁት ሲመለስ ነው። ሁለት ወረቀት ይዞ ፊቴ ቁጢጥ አለ። አንዱ እኔ የሞላሁት ቅጽ ነው፤ ሌላው ኮፒው። ኮፒው ላይ ኅዳጉ የለም፤ ማሽኑ ቆርጦታል። ቀይ ጽሑፌ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር፤ «ቅያሪ» የሚለው ሣጥን ውስጥም የማላውቀው ሰው ምልክት አድርጎበታል። ወጣቱ ከሥሩ «ሚያዝያ 6 ከሌሎች ጋር ወደ ውጭ አገር አቅራቢው ሄዷል። የጻፉትን አንብቤ ነበር። ኮፒውን ግን አላየሁትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ጻፈ። በአምስት ወር ውስጥ ከድርጅትዎ የደረሰኝ ይቅርታ ይኸው አንዱ ነው፤ እሱም በምሳ ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ የድርጅቱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እሱን ፈልጎ ለማግኘት የምታደርጉት ጥረት ለእኔ ዲስክ ካደረጋችሁት እንዳይበልጥ አደራ እላለሁ።

ለውጭ አገሩ አቅራቢ በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ መምህር እርዳታ ኢሜይል ጻፍኩ። እነሱ በአራት ቀን መለሱ። የተመለሱ ዲስኮች እንደደረሱ የሚፈጩት የደንበኞችን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ይላል። የጋሽ ግዛው ምስጢር እንግዲህ በሚገባ ተጠብቋል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን የምነግርዎ ይመለከትዎታል ብዬ ሳይሆን፣ ፋይሉ የተሟላ እንዲሆን ነው።

ግንቦት 2 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ለጋሽ ግዛው እውነቱን ነገርኳቸው። አልጋቸው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የለም፣ ከጥር ጀምሮ የለም፣ አለ ያልኩዎት ውሸቴን ነው አልኳቸው። እትዬ አስቴር ፊቷን አዞረችብኝ። እኛ ዘንድ ፊት ማዞር በር እንደመዝጋት ነው፤ ምንም ብትናገር አይደርስም። ጋሽ ግዛው ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። እሳቸው ግን «አራት ቅዳሜ የቀረሽው ለዚህ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «ያ ነው የጎዳኝ፤ የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ በግራ እጃቸው የአልጋውን እንጨት መቱት። እትዬ አስቴር ንዝረቱ ሲሰማት ዞረች። ጋሽ ግዛው ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያዙ፤ የመላጊያ ምልክት ግማሹ ነበር። ቀኙ ከላይ መጥቶ ካልተንሸራተተበት ምንም ማለት አይደለም። እንደዚያ ይዘው እትዬ አስቴርን አዩዋት። እትዬ አስቴር የፋብሪካውን ምልክት የባለጌ ወንዶች ወሬ ነው እያለች አርባ ዓመት ሙሉ ስትጸየፈው የኖረች ሴት ናት፤ በፊቴ አንድ ቀን እንኳ ተጠቅማበት አላየሁም። አልጋው ጫፍ ላይ በቀኛቸው በኩል ተቀመጠችና የራሷን ቀኝ እጅ አምጥታ በግራ እጃቸው ላይ አንሸራተተች። ጋሽ ግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትንሽ ዘንበል፣ እንደዚህ፣ አሏት። እሷም እኔ ያየሁት እንደዚህ ነው አለች። ተከራከሩ። ውዳሴ ሳልነግራት ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀምራ ነበር፤ ወላጆቿ በፋብሪካው ምልክት ሲጨቃጨቁ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እያየች እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ እጇ ግን አልተነቃነቀም።

እስከ ዛሬ በአምስት ቅዳሜ ሃያ ሦስት ቃል መልሰናል። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ስንቱ እንደሚመለስ አላውቅም። ጋሽ ግዛው ከሕመሙ በኋላ የተረሳቸው አለ፤ እትዬ አስቴር ያላየችው አለ፤ የአምስቱ ጓደኞቻቸው ታሪክ ደግሞ አንዳንዱ ለአንድ ቀን ብቻ ትዝ ብሎ የተነገረ ነበር፤ እሱ አይመለስም። የቀረጽነውን በሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጠናል፤ ከሦስቱ አንዱም ከእናንተ የተገዛ አይደለም። ባዶውን፣ አዲሱንና ሙሉ ቦታ ያለውን ዕቃችሁን ማሸጊያው ሳይቀደድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬያለሁ።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ደንበኞች በጽሑፍ የሚያናግሯችሁ አንድ ቁጥር ይኑራችሁ። ቅጻችሁ ላይ «ዕቃዬን መልሱልኝ» የሚል ሣጥን ይጨመር። ፎቶዬ ከገጻችሁ ላይ ይውረድ፤ ያን ቀን ፈገግ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ለጋሽ ግዛው ደግሞ አንድ ሰው ከድርጅታችሁ ለቡ ድረስ ሄዶ የሆነውን በአካል ይንገራቸው፤ ውዳሴ ታስተረጉማለች፣ ይህንን ለብዙ ዓመት ስትሠራው የኖረች ናት። የጠፋውን ማንም እንዲተካልኝ አልጠይቅም፤ በምን እንደሚተካ እኔም አላውቅም።

ይህንን ሁሉ ለማንበብ የወሰዱት ጊዜ ከሥራዎ እንዳላስተጓጎለዎ ተስፋ እያደረግሁ፣ ደንበኛችሁ መሆኔ ያስተማረኝን ትዕግሥት ለተማሪዎቼ ለማካፈል ቃል እየገባሁ፣ ለድርጅትዎ ዕድገትና ለመዝገብ ቤታችሁ ማኅተም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ዶርቃ እንግዳ
መምህርት
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ አቦ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኛ መስማት የተሳነን ሰዎች ለሰውም ለድርጅትም የምልክት ስም እናወጣለን። ጋሽ ግዛው በግንቦት መጨረሻ ለድርጅትዎ አንድ አውጥተውለታል። ለእሳቸው እንዲመቻቸው በአንድ እጅ ብቻ የሚሠራ ነው፤ እጅ ውድ ነገር እንደያዘ ሆኖ በጥንቃቄ ወደ ደረት ኪስ ይገባል፣ ከዚያም ከኪሱ ሥር ባዶውን ተዘርግቶ ይወጣል። ተማሪዎቼ በአንድ ቀን ለመዱት። ከትናንት ወዲያ ጀሞ ታክሲ ስጠብቅ የማላውቃቸው ሁለት ወጣቶች የቅርንጫፋችሁ በር ላይ ቆመው በምልክት ሲያወሩ አየሁ። አንደኛው ሊገባ ነበር። ጓደኛው ያንን ስም አሳየው፤ ተመለሰ።